ዶክተር ኩለኒና ያልታጠነው ጣሳ

የዶክተር ኩለኒን ዜና ዕረፍት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። በክፍላችን ግሩፕ አንድ የቀድሞ ተማሪ «የሳይንስ ዋርካ ወደቀ» ብሎ ለጠፈ፤ ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደረደሩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አልነበረም። እሷ ይህን ብታነብ ምን ትል ነበር የሚለው ነው። «ዋርካው ቁመቱ ስንት ነው? ወደየት አቅጣጫ ወደቀ?» ማለቷ አይቀርም ነበር። ለብቻዬ ሳቅ አልኩ። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩና ለረጅም ጊዜ መነሳት አቃተኝ።

እኔ ነቀምት ውስጥ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ይመር እባላለሁ፤ የኪራሙ ልጅ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ሥራዬ ዕቃ ማጠብ፣ ዕቃ መጠገንና መምህራን ሲያዙኝ መለካት ነው። ከዶክተር ኩለኒ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «ማንን ነው? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» እላታለሁ፤ እናቴ ይህን የሰማች ቀን አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ሙያዋ ለሰው ለማስረዳት የማይመች ነበር። «ባዮፊዚክስ» ስትል ሰው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል፣ አልገባውም ማለት ነው። «የለስላሳ ቁስ ፊዚክስ» ስትል ደግሞ ሰው ሁሉ ለስላሳ መጠጥ ይመስለዋል። አንድ የባጃጅ ሾፌር የየትኛው ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሆነች በትሕትና ጠይቋታል። እሷ ግን አትሰለችም። «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ውኃም ውኃ ነው» ትላለች። «እኔ የማጠናው በመካከል ያለውን ነው። ገንፎ፣ እርጎ፣ ጭቃ፣ የሳሙና አረፋ፣ ጉበት፣ ያንተ ጉንጭ። ዓለም ድንጋይና ውኃ ብቻ ብትሆን ኖሮ ማንም አይወለድም ነበር።»

የተወለደችው አኖ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ። አባቷ የእህል ወፍጮ ነበራቸው። ልጅ ሆና ዱቄቱ ከወፍጮው አፍ ሲወርድ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ድንጋይ ይቆማል፣ ለምን ብላ አባቷን ስታደርቃቸው ትውል ነበር። አዲስ አበባ ተማረች፣ ከዚያ ጀርመን ሄደች። እዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ የደም ሴል ከራሱ በሚጠብ ቀጭን የደም ሥር ውስጥ እንዴት ተጣጥፎ እንደሚያልፍ ስትለካ ከረመች። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ነቀምት መጣች። ሰው ሁሉ ለምን ተመለስሽ ይላታል። «እዚያ ያልተለካ ነገር አጣሁ» ትላለች። እዚህ ግን ያልተለካ ነገር ሞልቷል፤ በዚህ ማንም ሊከራከራት አይችልም።

አመልካች ጣቷ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ያገኘችውን ሁሉ ትጫናለች። ዳቦ፣ ማንጎ፣ የባጃጅ ወንበር፣ የሕፃን ጉንጭ። ተጭና ትለቅና ነገሩ ወደ ቦታው እስኪመለስ በሆዷ ትቆጥራለች። ገበያ ውስጥ አቮካዶ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ሂን ቱቂን፣ ዶክተር! አትንኪ!» ብለው ይጮኹባታል። «ሁለት ሰከንድ ብቻ!» እያለች ትለማመጣለች። ሁለት ሰከንዱ ሲያልቅ ግን አቮካዶው የእሷ ነው፣ ሻጯ ሳታስገዛት አትለቃትም። ቤቷ የላሸቀ አቮካዶ የማይጠፋው ለዚህ ነበር።

የምትጠላው ቃል አንድ ነው፤ «ገደማ»። ተማሪ «አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ» ካለ አለቀለት። «ገደማ ስንት ነው? እስቲ አምጣውና እንለካው» ትለዋለች። በስልክም ሰላምታ የላትም። የነቀምት ሰው ስለ ቤትህ፣ ስለ ከብትህና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅህ ወደ ጉዳዩ አይገባም። እሷ ግን «ለካህ?» ብላ ነው የምትጀምረው። አልለካሁም ካልኳት ትዘጋዋለች። ለክቻለሁ ካልኳት ግን ያን ጊዜ ሰው መሆኔ ትዝ ይላታል፤ «አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ እናትህ ደህና ናቸው?»

አንድ ጊዜ ከላይ የመጡ እንግዶች ላቦራቶሪውን ሊጎበኙ ገቡ። ዶክተር ኩለኒ የበቆሎ ስታርች በውኃ በጥብጣ በትልቅ ሳፋ አስቀምጣለች። ይህ ብጥብጥ አመለኛ ነው፤ በቡጢ ሲመቱት ይጠነክራል፣ ቀስ ብለው ሲነኩት ይፈሳል። ሙሉ ልብስ የለበሱትን ኃላፊ ሳፋው ዘንድ አቆመቻቸውና «በኃይል ይምቱት» አለቻቸው። ሰውዬው ለልብሳቸው ሳስተው እጃቸውን በቀስታ አሳረፉት፤ እስከ ክርናቸው ሰጠሙ። «አያችሁ» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ፣ ፈገግም ሳትል፤ «በኃይል የመጣውን ትመክታለች፣ በቀስታ የመጣውን ትውጣለች። የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው።» እኔ ፎጣ ፍለጋ ብዬ ወጣሁና ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቄን ጨረስኩ።

የጎደላት አንድ ነገር ነበር። ሪዮሜትር ይባላል። አንድ ነገር ሲጫኑት፣ ሲያሹትና ሲያዞሩት ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ የእሷ ጣት በግምት የሚሠራውን በቁጥር ይሠራል። ጀርመን ሳለች ከእሱ ጋር ስትውል ኖራለች። እዚህ ያለን ግን ከባጃጅ ጋራዥ የለመንናቸው የኩሽኔታ ኳሶች ናቸው። ማር ውስጥ እንጥላቸውና እስኪወርዱ ሰዓት እንይዛለን። እርጎ ላይ እናስቀምጣቸውና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰጠሙ እናያለን። «መሣሪያው እስኪመጣ ነው» ትላለች ኳሶቹን በጨርቅ እየወለወለች። ያ «እስኪመጣ» አራት ዓመት ሆነው። ስለ መሣሪያው ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር፤ ሌላ ሴት ስለ ልጇ ሠርግ እንዲያ ታወራለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጥያቄ ይዛ መጣች። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ማጠን አገር ያወቀው ነገር ነው፤ በወለጋም በወሎም ያለ እሱ ወተት የለም። የወይራ እንጨት ይለኮስና ጭሱ ዕቃው ውስጥ ይታፈናል፣ ዕቃው ይወለወላል፣ ከዚያ ወተቱ ይገባል። ሰው ሁሉ ለሽታው ነው፣ ለጣዕሙ ነው፣ እንዳይበላሽ ነው ይላል።

«ለእርጋታውስ?» አለች። «ወተቱ ረግቶ እርጎ ሲሆን ጭሱ ጥንካሬውን ይለውጠዋል ወይስ አይለውጠውም? ማን ለካው?»

ማንም አልለካውም። ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ጉቶ ጊዳ ውስጥ አዴ ዲንቂቱ የሚባሉ፣ ጥሩ ላሞች ያሏቸው የተከበሩ እናት አሉ። ወተት እንዲሰጡን ከእሳቸው ጋር ተነጋገርን። ክዳን ያላቸው የብረት ጣሳዎች አዘጋጀን፤ ግማሾቹ ላይ ቀይ ክር፣ ግማሾቹ ላይ ነጭ ክር አሠርን። ቀዮቹ ይታጠናሉ፣ ነጮቹ አይታጠኑም፤ የአንድ ላም ወተት በሁለቱም ይቀዳል። ዶክተር ኩለኒ ጠዋት ጠዋት ስለምታስተምር የምሄደው እኔ ነኝ። «ነጮቹ እንዳይታጠኑ በግልጽ ንገራቸው። ሲቀዱ ቁጭ ብለህ እይ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ፈርም» አለችኝ። ከሦስቱ በትክክል የፈጸምኩት መፈረሙን ብቻ ነው።

እስቲ ራሳችሁን በእኔ ቦታ አድርጉት። እናታችሁ የሚሆኑ ሴት ፊት ቆማችሁ «ባልታጠነ ዕቃ ወተት ስጡኝ» ትላላችሁ? ባልታጠበ ሳህን ምሳ አቅርቡልኝ እንደማለት ነው። ስድብ ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቀዮቹን አሳየኋቸውና «እነዚህ ይታጠኑ» አልኩ። ነጮቹ ጋ ስደርስ ድምፄ ወረደ። «በእነዚህ ደግሞ አይቸገሩ፣ አዴ» አልኳቸው።

«ኤዪ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ፈገግም አሉ። ከዚያ «ታኢ፣ ታኢ፣ ተቀመጥ» ብለው ቤት አስገቡኝና ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ ፊቴ አኖሩ። ጨጨብሳው ሲያልቅ ወጣሁ። ጣሳዎቹ ሞልተው፣ ተከድነው፣ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ «ነጮቹ ሳይታጠኑ በፊቴ ተቀዱ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንድ በጋ ሙሉ እንዲህ ሄድን። ጨጨብሳው አንድም ቀን አልቀረም።

ሽታውስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ለእኔም ለእሷም ወተት ማለት ያ ሽታ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሌላ አናውቅም። ደግሞም ቀዩም ነጩም አንድ ፍሪጅ ውስጥ ስለነበር ላቦራቶሪው ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ዶክተር ኩለኒ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፋ ተመለከተችው። የታጠነው እርጎ መስመርና ያልታጠነው እርጎ መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል። «ይመር፣ በሕይወቴ እንዲህ የሚገጥም መስመር አይቼ አላውቅም» አለች። ጭሱ ለእርጋታው ምንም አይጨምርም ብላ ጻፈች። ጽሑፉ በውጭ አገር ትልቅ መጽሔት ላይ ወጣ። የድሮ የላቦራቶሪ ባልደረባዋ ጀርመን ሆኖ አነበበው፤ ሥራውን ከእናንተ ጋር ልንቀጥል እንፈልጋለን፣ አንድ ሪዮሜትራችንን እንልክላችኋለን ብሎ ጻፈላት። ከክረምቱ በኋላ እንደሚጫን ቁርጡ ታወቀ።

ያን ሰሞን እሷን ማየት ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እያንጎራጎረች በኮሪደሩ ትመላለሳለች፣ በዚያ በማይረባ ድምፅዋ። አናጢ ጠርታ ለመሣሪያው የማይነቃነቅ ወፍራም ጠረጴዛ አሠራች፤ እላዩ ላይ ወጥታ ዘለለችበት፣ ከዚያ እኔንም አዘለለችኝ። ተማሪዎቹ በበር እያዩ ይሳሳቃሉ።

ሐምሌ ላይ ለቀጣዩ ሥራ ጥቂት ናሙና ላመጣ ጉቶ ጊዳ ሄድኩ። ያን ቀን ባጃጁ ባልተለመደ ሁኔታ ቶሎ ተነሳ፣ በመንገዱም ጭቃ አልያዘንም። አዴ ዲንቂቱ ደጅ ስደርስ ገና አልጠበቁኝም ነበር። በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው የሚጨስ ወይራ ላይ ጣሳ ደፍተዋል። ጣሳው ነጭ ክር አለው።

«አዴ!» አልኩ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«አከም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ። እያጠንኩ ነዋ።»

«ይህ እኮ ነጩ ነው።»

«ነጭ ቢሆንስ?»

«አይቸገሩ ብዬዎት አልነበር?»

ቀና ብለው በርኅራኄ አዩኝ። «ብለኸኛል። ጨዋ ልጅ ስለሆንክ ነው፣ እንዳልደክም ብለህ። ታዲያ አንተ አይቸገሩ ስላልክ በጥሬ ዕቃ ልስጣችሁ? ያቺ ዶክተር ምን ትለኛለች? ሰው አይደለሁም?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያጥኗቸው ነበር?»

«ሁልጊዜ ነዋ! እንዲያውም ነጩንም እንደ ቀዩ ደጋግሜ ነው የማጥነው። ብረት ጭስ ቶሎ አይዝም።»

ጨጨብሳ ቀረበ። ያን ቀን ግን አልወረደልኝም።

እስከ መንገዱ በእግሬ ስሄድ ነገሩን አሰብኩት። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለክተን «ተመሳሳይ ነው» ብለን ጽፈናል። መስመሮቹ የማይገጥሙበት ምን ምክንያት አለ? ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ደግሞ መሣሪያውን አሰብኩ። ማን ያውቃል? አዴ ዲንቂቱ የውጭ መጽሔት አያነቡም። ጀርመኖቹ በወይራ አያጥኑም። ነቀምት ስደርስ ዝም ልል ወስኜ ነበር። ጣሳዎቹን ፍሪጅ ውስጥ እየደረደርኩ ሳለ ዶክተር ኩለኒ ከኋላዬ መጣችና በጣቷ ትከሻዬን ተጫነች።

«ምን ሆነሃል? ደርቀሃል» አለች።

ነገርኳት። ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ ጨጨብሳውን ጭምር።

«ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው?»

«አይቸገሩ።»

 ከሆዷ ሳቀች። ያን ጠንካራ ጠረጴዛ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «አይቸገሩ! ይመር፣ አይቸገሩ ተብላ ያልተቸገረች ሴት በወለጋ ምድር አይተህ ታውቃለህ?» እኔም ሳልወድ አብሬያት ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«ሲቀዱ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ፈርመሃል ግን።»

«ፈርሜያለሁ።»

ይህን ካልኳት በኋላ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። አንኳኩቼ ገባሁ። ለመጽሔቱ እየጻፈች ነው፣ ጽሑፌን ሰርዙልኝ እያለች። ለመንኳት። መሣሪያው እስኪደርስ ብቻ ጠብቂ፣ ከደረሰ በኋላ በእሱ ለክተን እናርመዋለን፣ ማን ያውቃል አልኳት።

«አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። «ወተቱም ያውቃል።»

ደብዳቤውን አስነበበችኝ። ስህተቱ የእኔ ነው ይላል። የናሙናውን አወሳሰድ ራሴ ሄጄ ማረጋገጥ ነበረብኝ ይላል። ስሜን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግኩት፣ የለም። «የእኔን ስም አልጻፍሽም» አልኳት። «ሥራው የማን ነው?» አለች። «የአንቺ።» «እንግዲያው ስህተቱም የእኔ ነው። ውጣ፣ ልላከው።»

ከጀርመን ትሕትና የሞላበት መልስ መጣ። ሥራው እንደገና እስኪታይ የመሣሪያው ነገር ይቆይ ይላል። እንደቆየ ቀረ። በኮሪደሩ «ዶክተሯ ተሳስታ አዋረደችን አሉ» ሲባል እሰማ ነበር። አንድም ቀን ቆሜ እኔ ነኝ አላልኩም። እሷም አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አፍሬያለሁ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ደብዳቤውን በላከች ማግስት ከቤት ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። «ጉቶ ጊዳ እንሄዳለን። ከአንድ እንጀምራለን» አለች።

«እኔም?»

«አንተ ካልመጣህ ማን ይፈርማል?»

እንደዚያ ያለ ሰው ነበረች። ያን ዕለት ከአዴ ዲንቂቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ ያልታጠነ ዕቃ ነውር መሆኑን እንደምታውቅ፣ ነውሩ ግን የራሷ እንደሚሆን። አዴ ዲንቂቱ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አሰቡ፣ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በጥሬ ዕቃ አልቀዳም። ስሜ ይጠፋል። ከፈለግሽ አንቺው ቅጂ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።» እንዳሉትም አደረጉ። ጀርመን የተማረችው ዶክተር ነጮቹን ጣሳዎች በገዛ እጇ ስትሞላ ባለቤቲቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በቆሎው ማሳ ያያሉ። እኔ በመካከል ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ። ያን ጊዜ ጨጨብሳውን የበላሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ሁለት በጋ ፈጀብን። የታጠነው ወተት ዘግይቶ ረጋ፤ ከረጋ በኋላ ግን ኳሷን ጠንከር አድርጎ ያዘ። ያልታጠነው ቶሎ ረጋ፣ ኳሷም ሰጠመችበት። ያልታጠነውን እርጎ አዴ ዲንቂቱ ቀምሰው «ያ ዋቅ! ይህን ነው የምታጠኑት?» ብለው ተፉት። ጽሑፉ በአንዲት ትንሽ መጽሔት ወጣ፣ መጨረሻው ላይ የአዴ ዲንቂቱ ስም በምስጋና ተጽፏል። ዶክተር ኩለኒ የሚጠቅሰው ሰው ስትጠብቅ ቆየች። አንድ ሰው ጠቀሰው፤ እሱም ራሷ ነበረች።

በኋላ የኪራሙ ጸጥታ ሲበላሽ እናትና አባቴ ቤታቸውን ጥለው እኔ ጋ መጡ። ገና ሁለተኛው ቀን ዶክተር ኩለኒ አንድ ኩንታል በቆሎ በባጃጅ አስጭና ደጄ ቆመች። እናቴን አቅፋ ሳመች፤ ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ደብተር አወጣች። ወሎ ዕቃ ሲታጠን ወይራው እርጥብ ነው ደረቅ? ስንት ጊዜ ይታጠናል? እናቴ ከመጣች ወዲህ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ነገር ያወራችው። «ልክ ነህ፣ ይቺማ አንቺ ነው የምትባል» አለችኝ ማታ።

ሕመሟ አጭር ነበር። የተቀበረችው አኖ ነው፣ በተወለደችበት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ቆሟል። አዴ ዲንቂቱ ከጉቶ ጊዳ ተሳፍረው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። የክፍላችን አዲሱ ኃላፊ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ዶክተር፣ የሕይወት ታሪኳን ሊያነብ ተነሳ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሥራዋን ሁሉ ሰብስቧል፤ ልጁ ደክሟል፣ ክፋት የለበትም። አሥራ አራት ጥናቶች ብሎ ጀመረ። «በተለይም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የወይራ ጭስ በእርጎ እርጋታ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ያረጋገጡበት፣ በታላቅ መጽሔት የታተመው ሥራቸው…»

ሰዉ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ። ያኔ በኮሪደሩ ያወሩትም አቀርቅረዋል። የፊርማውን ነገር ጭምር ሙሉውን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ አንዷ ሣጥኑ ውስጥ ናት። ውሸቱ እላይዋ ላይ ሊቀበር ነው። ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ያ ጽሑፍ የለም። ተሰርዟል። ያሰረዘችው ራሷ ናት።»

 አንድ ሽማግሌ ጃኬቴን ጎተቱኝ፣ አልተቀመጥኩም። «ነጮቹ ጣሳዎች እንዳይታጠኑ ተናገር ተብዬ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። ሳላይ በፊቴ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። መሣሪያዋ የቀረው በእኔ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው ብላ የጻፈችው እኔን ሸፍና ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ተሸፍኜ ኖርኩ።» በኦሮምኛ ጀምሬ ሳላውቀው በአማርኛ ጨረስኩ። 

«ላኪ!» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ፣ አይደለም ማለት ነው። አዴ ዲንቂቱ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። «ልጁን ተዉት! ያጠንኩት እኔ ነኝ! ቀዩንም ነጩንም አጥኛለሁ! ለእንግዳ በጥሬ ዕቃ አልሰጥም!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። የሟች እህት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትንፈቀፈቅ አየሁ፣ ታልቅስ ትሳቅ አይለይም። ከዚያ ሌላው ተከተላት። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ።

«ታዲያ ስንት ልበል?» አለኝ በዝግታ።

«አሥራ ሦስት።»

እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አንዱን ሰረዘ። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። ቀጥሎ ያለው ከአንድ ጀምረን እንደገና የሠራነው ጥናት ነበር፣ የታጠነ ዕቃ እርጎን ያዘገያል፣ ያጠነክራልም የሚለው። ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ አነበበው። ያ እውነት ነው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።